ስለ ወንድሜ ስለ ዲያቆን ይርሳው አሟሟት ያረምሁት ቃል

የወረዳ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት፣ የወንጀል ምርመራ ክፍል፣ ፍኖተ ሰላም
የምስክር ቃል መቀበያ ቅጽ (ተጨማሪ ቃል)

የምስክሩ ስም፦ ናሁሰናይ ዘሩ እጅጉ
ዕድሜ፦ 16
ሥራ፦ የ10ኛ ክፍል ተማሪ
አድራሻ፦ ምዕራብ ጎጃም፣ ሽንብርማ ቀበሌ፤ ለትምህርት ፍኖተ ሰላም ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚኖር
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሐሙስ መጋቢት 11 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡20 ሰዓት
ሟች፦ ዲያቆን ይርሳው ዘሩ፣ ዕድሜ 21
ተጠርጣሪ፦ ጤና መኮንን ሰዓድ ሀምዱ፣ የወይራ ሜዳ ጤና ጣቢያ
ቃሉን የተቀበለው፦ ምክትል ሳጅን ቴዎድሮስ ውዳሴ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጻፈው ምስክር ስሆን፣ ሟቹ የእናቴና የአባቴ ልጅ፣ ታላቅ ወንድሜ ነው። ባለፈው ሰኞ መጋቢት 8 ቀን በዚሁ ጽሕፈት ቤት አባቴ አቶ ዘሩ እጅጉ አጠገቤ ተቀምጠው ቃል ሰጥቼ ነበር። በዚያን ቀን ጤና መኮንን ሰዓድ ሀምዱ ወንድሜን ምንም ሳይረዳው አስተኝቶት እንደቆየና ሲመሽ በጭነት መኪና እንደሰደደው ተናግሬ ፈርሜያለሁ። ያ ቃል እውነት አይደለም። ጤና መኮንኑ በአባቴ አቤቱታና በእኔ ቃል ምክንያት ከሰኞ ጀምሮ ታስሮ እንደሚገኝ ስለማውቅ፣ ዛሬ ማንም ሳይጠራኝ ከትምህርት ቤት ተነሥቼ መጥቻለሁ። ለአካለ መጠን ስላልደረስሁ የክፍል ኃላፊዬ መምህርት ህይወት አብረውኝ ተቀምጠዋል። የምናገረው በራሴም ላይ ሊጠቀስ እንደሚችል ምክትል ሳጅኑ አስቀድመው ነግረውኛል፤ ገብቶኛል።

ወንድሜን ሆዱን ማመም የጀመረው እኔ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ጨጓራ ነው ተባለ። በእኛ አገር ጨጓራ አለብኝ የማይል ሰው ስለሌለ ማንም አልደነገጠም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን የበላው ወደ ታች አልወርድ አለው። ማታ የበላውን በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ እንዳለ ያወጣው ነበር። እናቴ እታለም ትፋቱን አይታ «ይህ እኮ የትናንቱ ባቄላ ነው» ብላ ስታለቅስ ትዝ ይለኛል። ከ58 ኪሎ ወደ 41 ኪሎ ወረደ። ኪሎውን የማውቀው ፍኖተ ሰላም ገበያ ላይ የእህል ሚዛን አይቶ ራሱ ስለወጣበት ነው። ሚዛን የያዘውን ነጋዴ «እስኪ ከነገለባው ስንት አወጣለሁ?» ብሎ አሳቀው። ነጋዴው ቁጥሩን ሲያይ ሳቁን አቋርጦ ወደ እኔ ዞሮ «ይህን ሰው ወደ ሐኪም ውሰዱት» አለኝ።

በኅዳር ወር 1999 ዓ.ም. ባሕር ዳር ሆስፒታል ተኝቶ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። አባቴ አጨዳ ላይ ስለነበሩ አሥራ አንድ ቀን ያስታመምሁት እኔ ነኝ። ሐኪሙ እንዳስረዳን የቁስሉ ጠባሳ የጨጓራውን መውጫ ደፍኖት ስለነበር፣ ከፊሉን ቆርጠው የቀረውን በሌላ በር ከአንጀቱ ጋር አገናኝተውታል። ስንወጣ ሐኪሙ ጡጫውን ጨብጦ አሳየውና «ሆድህ ከእንግዲህ ይህችን ታህላለች» አለው። ወንድሜም «እንግዲያው እኔን ድግስ የሚጠራ ሰው አይከስርም» አለ። ሐኪሙ ስቆ ሲያበቃ ትእዛዙን ነገረን። በቀን ስድስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ እንዲበላ፣ ለረጅም ሰዓት በባዶ ሆድ እንዳይቆይ፣ ኦሜፕራዞል የሚባለውን እንክብል በየማለዳው ሳያቋርጥ እንዲውጥ፣ ጥቁር ትፋት ወይም ጥቁር ሰገራ ካየ ደም ነውና በዚያኑ ቀን ወደ ሕክምና እንዲሄድ ነው ያለው። ይህን በደብተሬ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ አላወቅሁም ልል አልችልም።

እንክብሉን በየወሩ ይወስድ የነበረው ከወይራ ሜዳ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና መኮንን ሰዓድ እጅ ነበር። ሰዓድ የቡሬ ልጅ ነው፤ አባቱ እዚያ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ከወንድሜ ጋር ይቀላለዱ ነበር። አንድ ቀን መድኃኒት ልንወስድ ሄደን ሰዓድ «ዲያቆን፣ ስድስቱን ሁሉ አንተ ከበላኸው ለእኛ ምን ተረፈን?» ሲለው፣ ወንድሜ «አንዱን ለረመዳን አስቀምጨልሃለሁ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ግን እንዳትነካው» ብሎ መለሰለት። ጠብም ቂምም በመካከላቸው አልነበረም።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ የነፍስ አባታችን ቄሰ ገበዝ ሃይለ ሚካኤል ወንድሜን ከጾም ሰዓት ነፃ አውጥተውታል። የሚቀድስ ሰው ግን ከዋዜማው ጀምሮ ውኃ እንኳ ሳይቀምስ መቆየት ስላለበት፣ ወንድሜ መቅደስ መግባት አልቻለም። አንድ ዓመት ከአራት ወር ከሕዝቡ ጋር ውጭ ቆሞ ነው ያስቀደሰው። አጠገቡ ስቆም የዲያቆኑን ተራ ከንፈሩን ብቻ እያነቃነቀ ሲል አየው ነበር። የሰፈር ጎረምሶች «ጡረተኛው ዲያቆን» ይሉታል። እሱም «የጡረታ ደብተሬን ገና አልሰጡኝም» እያለ ያልፋቸዋል። ቤት ሲገባ ግን ያን ቀን አይጫወትም።

ቀጥሎ ያለውን የምናገረው እናቴ ከነገረችኝ ነው። ረቡዕ መጋቢት 3 ቀን ቄሰ ገበዙ ወደ ቤታችን መጡ። ከሦስቱ ዲያቆናት አንዱ ከበቅሎ ወድቆ እግሩ ተሰብሯል። ቅዳሴ ያለ አምስት ሰው፣ ማለትም ያለ ሁለት ቄስና ያለ ሦስት ዲያቆን አይገባም። ዓርብ መጋቢት 5 ደግሞ የሽንብርማ አቦ ዓመታዊ በዓል ነው። ከአጎራባች ደብር ሰው ቢጠይቁ ሁሉም የራሱ በዓል አለበት። ቄሰ ገበዙ ወንድሜን «ልጄ፣ ትችለዋለህ? ካልቻልህ እግዚአብሔር ያውቃል፣ አላስገድድህም» አሉት። ወንድሜ ከመመለሱ በፊት አባቴ «ይችላል» አሉ። እናቴ ልትቃወም ብላ ወንድሜን ብታየው፣ ፊቱ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ አይታው በማታውቀው ሁኔታ በርቶ ስለነበር ተወችው።

እኔ ለበዓሉ አስፈቅጄ ሐሙስ መጋቢት 4 ቀን ከቀኑ 11፡30 ሰዓት ገደማ ቤት ደረስሁ። ወንድሜን ከቤቱ ጀርባ ከጌሾው ሥር አገኘሁት። አጎንብሶ ነበር። ያስታወከው እንደ ቡና አተላ ጥቁር ነው። በእግሩ አፈር እየመለሰበት ሳለ ቀና ብሎ አየኝ።

«አየኸው?» አለኝ።

«አየሁት።»

«እንግዲያው አላየኸውም።»

ባሕር ዳር የጻፍሁትን አስታወስሁት። «የጻፍኸውን መቼ ረሳሁት፤ ነገ ልቀድስና ቅዳሜ በጠዋት አብረን ወርደን ሰዓድ ዘንድ እሄዳለሁ» አለኝ። ለአባቴ እነግራለሁ አልሁት። እሱም እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ «ደም ያለበት ሰው መቅደስ አይገባም። ብትነግር ያስቀሩኛል። አራት ይሆናሉ፣ በዓሉም ሳይቀደስበት ይውላል። ናሁ፣ የለመንሁህ አንድ ቀን ነው» አለኝ። ለአባቴም ለእናቴም አልተናገርሁም። ያን ማታ ጥቂት ቀማምሶ ተኛ። እንክብሉን ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ አቋርጦት እንደነበር ያወቅነው ከቀብሩ በኋላ ነው፤ ያልተከፈቱ ፓኮዎች ከዳዊቱ ማኅደር ውስጥ ተገኙ። ማለዳ እንክብል መዋጥ ጾም መግደፍ መስሎት ይሆናል። ይህ ግምቴ እንጂ የነገረኝ ነገር የለም።

ዓርብ ቅዳሴው ከቀኑ 9፡00 ሰዓት አካባቢ አበቃ። እኔ ውጭ ከሕዝቡ ጋር ነበርሁ። መጀመሪያ ላይ ድምፁ ከሁሉም በላይ ይሰማ ነበር። ወደ መጨረሻው ግን የእሱን ተራ ሌላው ዲያቆን ሲይዝለት ሰማሁ። መቅደስ ገብቶ የቀደሰ ሁሉ ስለሚቆርብ ወንድሜም ቆርቧል። በእኛ ዘንድ የቆረበ ሰው እስከ ማግሥቱ ምራቁን እንኳ አይተፋም፣ ከአፉ ምንም ነገር እንዳይወጣ ይጠነቀቃል፣ አፉንም በነጠላ ይሸፍናል። ይህን ልጅ ሳለሁ ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነው።

ቤት የደረስነው 10፡00 ሰዓት ላይ ነው። መደብ ላይ ተቀመጠ እንጂ አልተኛም። እናቴ አጥሚት አመጣችለት፤ ራሱን ነቅንቆ እንቢ አላት። በነጠላው ሥር ጉንጩ ሲሞላና ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ አየሁ። የመጣበትን መልሶ እየዋጠ እንደሆነ ገባኝ። ሌላ ሰው የገባው አይመስለኝም። 10፡30 ሲሆን ለመነሣት ብሎ ወደቀ። አባቴና ጎረቤቶቻችን በቃሬዛ ተሸክመውት 11፡45 ላይ ወይራ ሜዳ ጤና ጣቢያ ደረስን። መንገድ ላይ አባቴ «ምን ሆንህብኝ? የት ላይ ነው?» እያሉ ሲጠይቁት ሆዱን በእጁ ከማሳየት በቀር አልመለሰም።

በጤና ጣቢያው ተረኛ የነበሩት ሰዓድና አንዲት አዋላጅ ነርስ ብቻ ናቸው። በሌላው ክፍል ምጥ የያዛት ሴት ነበረች። ሰዓድ ወንድሜን ወዲያው ተቀበለው። የደም ግፊቱን ለካ፣ ዐይኑን ገልጦ አየ፣ ሆዱን ዳሰሰ፣ ክንዱ ላይ ግሉኮስ ተከለለት። ለአባቴም «ሆዱ ውስጥ ደም አለ፤ ሆስፒታል መድረስ አለበት። የእኛ መኪና የለም፣ እኔ ስልክ እየደወልሁ እርስዎ አስፋልቱ ዳር ወርደው ያገኙትን ያስቁሙ» አላቸው። አባቴና የተሸከሙት ሰዎች ወጡ። ክፍሉ ውስጥ ሦስታችን ቀረን።

ሰዓድ ቀጭን ቱቦ አዘጋጅቶ «ዲያቆን፣ ይህችን ባሕር ዳር ታውቃታለህ። በአፍንጫህ አስገብቼ የተጠራቀመውን አወጣዋለሁ። ይቀልልሃል፣ መንገድ ላይም አያንቅህም» አለው። ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሰዓድ በድጋሚ ሲጠይቀው ራሱን በእንቢታ ነቀነቀ። ያን ጊዜ ሰዓድ ቱቦውን አስቀምጦ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ የተናገረውን እንዳለ ለማስታወስ እሞክራለሁ። «ዛሬ አቦ ነው። እኔ ቡሬ ከቄስ ቤት ጋር በአንድ አጥር ነው ያደግሁት። ቆርበህ ከሆነ ንገረኝ፣ አላፍርብህም፣ አልቆጣህምም። ገበዙን በፈረስ አስጠራለሁ። እሳቸው እንዳሉት እናደርጋለን» አለው።

ወንድሜ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። በቆረበበት አፍ ሊዋሽ አይችልም። እውነቱን ቢናገር ደግሞ ቄሰ ገበዙ ይመጣሉ፣ ጥቁሩን ያያሉ፣ ደም እያለበት መቅደስ መግባቱ ይታወቃል፣ ከእንግዲህ ወዲያም አይገባም። ይህን ሁሉ በዐይኑ ነገረኝ ብል አጋንኛለሁ፤ ሐሙስ የነገረኝን ስለማውቅ ነው የገባኝ። ስለዚህ እኔ መለስሁ።

«አልቆረበም፣ እንደ ወትሮው ውጭ ነው የቆመው» አልሁ።

ሰዓድ ወደ እኔ ዞሮ «እርግጠኛ ነህ?» አለኝ።

«አጠገቡ ነው የዋልሁት።»

«ታዲያ ለምን እንቢ ይላል?»

«ባሕር ዳር ሲያስገቡለት አሞት ነበር፤ ይፈራዋል» አልሁ።

ወንድሜ ዐይኑን ጨፈነ። ሰዓድ አመነኝ። በቀን ስድስት ጊዜ ብላ የተባለ ሰው፣ ያውም ሰዓድ ራሱ አትጹም ያለው ሰው ይቀድሳል ብሎ የሚያስብበት ምክንያት አልነበረውም። ከዚያ በኋላም ሁለት ጊዜ ለመነው። «አንዲት ደቂቃ ናት፣ እጄን ያዝና ጭመቀኝ» እንኳ አለው። ወንድሜ እንቢ እንዳለ ቀረ። ሰዓድ በሆስፒታል መላኪያው ወረቀት ላይ ሕመምተኛው ቱቦ እንዳይገባለት መከልከሉን ጻፈና እንዲፈርም ሰጠው። የወንድሜ እጅ ብዕር መያዝ ስላልቻለ አስታማሚ ብዬ የፈረምሁት እኔ ነኝ። ወረቀቱ እስከ ትናንት ደብተሬ ውስጥ ተደብቆ ቆይቷል። ዛሬ ከዚህ ቃል ጋር አያይዤ አቅርቤያለሁ።

አባቴ በቆሎ የጫነ አይሱዙ አስቁመው 12፡50 ላይ ተመለሱ። ሰዓድን «እስካሁን ምን አደረግህለት?» ብለው ተቆጡት። ሰዓድ «አባቴ፣ ቱቦውን እኮ…» ብሎ ሲጀምር አዋላጇ በጩኸት ጠራችው፤ የሴትዮዋ ልጅ እየመጣ ነበር። ሮጦ ገባ። አባቴ የቀረውን አልሰሙም። እኔ ቆሜ ነበር፣ ልነግራቸውም እችል ነበር፣ አልነገርኋቸውም። ወንድሜን በጆንያዎቹ መካከል ስናስተኛው ሰዓድ ጓንቱን እንኳ ሳያወልቅ ተመልሶ መጣ። ምጥ ላይ ያለችውን ሴት ጥሎ አብሮን ሊሄድ እንደማይችል ነገረኝ። ቀጥሎም «በጎኑ ይተኛ። ሲመጣበት ይትፋው፣ እንዳይውጠው። ጨርቅ አፉ ላይ እንዳታደርጉ። ሰምተኸኛል?» አለኝ። ሰምቻለሁ አልሁት። አባቴ በዚህ ጊዜ ከሾፌሩ ጎን ገብተው ተቀምጠው ነበር።

ከኋላ ከወንድሜ ጋር የነበርሁት እኔ ብቻ ነኝ። የግሉኮሱን ከረጢት ከመኪናው ብረት ጋር አስሬ ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አደረግሁ። ነጠላውን አጥፎ በእጁ አፉ ላይ ይዞት ነበር። ሰውነቱ በተናወጠ ቁጥር ይበልጥ ይጫነዋል። «ይርሳው፣ ትፋው» አልሁት። ራሱን ነቅንቆ እንቢ አለኝ። ከትንሽ ጊዜ በኋላ «እጄ ደከመ፣ ያዝልኝ» ያለኝን ሰማሁ። በድምፅ የሰማሁት የመጨረሻው ቃል ይህ ነው። እጄን ወስዶ ነጠላው ላይ አስቀመጠው። እኔም ያዝሁ።

መጀመሪያ ላይ አላጠበቅሁም። ሲታገለው አጠበቅሁ። ሁለት ጊዜ እንደዋጠ በእጄ ሥር ታወቀኝ። በሦስተኛው ሰውነቱ ደርቆ ተገተረ፣ ከዚያ ለቀቀ። የመንገዱ ጉድጓድ ያናወጠው መስሎኝ ነበር። አረፈ፣ ተሻለው ብዬም አሰብሁ። እጄን አላነሣሁም። የፍኖተ ሰላም መብራት ሲታየኝ እንደርሳለን ልለው ነጠላውን ገለጥሁ። አይተነፍስም። ነጠላው ደረቅ ነበር፤ አንዲት ጠብታ አልወጣችም።

የመኪናውን ጣሪያ መትቼ አባቴን አልጠራሁም። ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ ወርደው ራሳቸው አዩት። ተረኛው ሐኪም ከምሽቱ 2፡10 ላይ መሞቱን ነገረን። የሚሰጠው ሕክምና ስላልነበረ ወረቀትም አልጠየቀንም፣ እኔም አላወጣሁም።

ቅዳሜ መጋቢት 6 ቀን በሽንብርማ አቦ ተቀበረ። እሑድ ከሣልስቱ ጸሎት በኋላ ቄሰ ገበዝ ሃይለ ሚካኤልን ለብቻቸው አግኝቼ «አባ፣ የቆረበ ሰው ታሞ ሐኪም ከሆዱ በቱቦ ቢያወጣለት ኃጢአት ይሆንበታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ሕመም መቼ ከሰው ፈቃድ ጠይቆ ይመጣል፤ በንጹሕ ዕቃ ተቀብለው ቢሰጡኝ እኔ በቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ቆፍሬ በክብር አፈር አለብሰው ነበር። ሰው ግን ይዳን» አሉኝ። ለምን እንደጠየቅሁ ሲጠይቁኝ ለማወቅ ብዬ ነው አልሁ። ረጅም ጊዜ አዩኝ።

ሰኞ ከአባቴ ጋር ወደዚህ ስንመጣ አባቴ ከዓርብ ጀምሮ እህል አልቀመሱም ነበር። መንገዱን ሙሉ «ልጄን አስተኝቶ አየው፣ ቆሞ አየው» እያሉ ነበር የሚሄዱት። ጥፋቱ ከሰዓድ ላይ ከተነሣ በእኔ ላይ የሚያርፍ መሰለኝ፤ በደንብ አድርጌ መግለጽ አልችልም። የተጠየቅሁትን ሁሉ እሳቸው እንዳሉት መለስሁ። ስንወጣ ሰዓድን በፖሊስ ሲያስገቡት በሩ ላይ ተገናኘን። ይቆጣኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን «መኪናው ላይ ከአፉ የወጣ ነገር ነበር?» ብቻ ነው ያለኝ። አልነበረም አልሁት። ያን ጊዜ የዋሸሁትን እንዳወቀ ፊቱ ላይ አየሁ። አንገቱን ደፍቶ ገባ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ ብተኛም ባልተኛም የሚታየኝ ያ ነው።

ጤና መኮንኑ ማድረግ ያለበትን አድርጓል። ሊያደርግ ያልቻለውን እንዳያደርግ የከለከልነው ወንድሜና እኔ ነን። ወንድሜ ሞቷል፣ ስለዚህ ለሁለታችንም የምመልሰው እኔ ነኝ። ቱቦው ቢገባለት ይድን ነበር ወይ ተብዬ ተጠይቄ አላውቅም ብያለሁ፤ ሐኪም አይደለሁም። እውነቱን ብናገር ግን ይሞከርለት ነበር። ሰዓድ ሀምዱ ቤቱ እንዲገባ እጠይቃለሁ።

ቃሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦልኛል። ምክትል ሳጅኑ በመኪናው ላይ አፉን ስለመያዜ የተናገርሁት ያልተጠየቅሁት ስለሆነ ይቅር እንደሆነ ጠይቀውኝ ነበር። እንዲቆይ ነው የፈለግሁት። ሰኞ የተናገርሁት ሐሰት፣ ዛሬ የተናገርሁት ግን ያየሁት፣ የሰማሁትና በገዛ እጄ ያደረግሁት ብቻ መሆኑን፣ ማንም ሳያስፈራራኝና ሳያባብለኝ አውቄ የሰጠሁት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ናሁሰናይ ዘሩ

አብረው የተገኙ መምህርት ፊርማ፦ ህይወት ወልደ ገብርኤል

የቃል ተቀባዩ ማስታወሻ፦ የምስክሩ አባት አቶ ዘሩ እጅጉ አቤቱታቸውን ለመከታተል ወደ ጽሕፈት ቤቱ መጥተው ግቢ ውስጥ ስለተገኙ፣ በምስክሩ ፈቃድ ከረፋዱ 5፡40 ሰዓት ተጠርተው ይህ ቃል በሙሉ ተነቦላቸዋል። ንባቡ ካለቀ በኋላ አቤቱታቸውን ማንሣታቸውን ገልጸው «ይህ ልጅ አብሮኝ ይሄዳል ወይስ እናንተ ዘንድ ያድራል? እናቱ ብቻዋን ናት» ሲሉ ጠይቀዋል። ምስክሩ በአባቱ ዋስትና እንደሚሄድና ሲፈለግ እንደሚቀርብ ተነግሯቸዋል። መጻፍ ስለማይችሉ አውራ ጣታቸውን አትመዋል። ጤና መኮንኑ እስኪለቀቅ ሰዓት እንደሚወስድ ብንነግራቸውም፣ እሱን ሳያገኙ እንደማይሄዱ ነግረውን ከልጃቸው ጋር በሩ ላይ ተቀምጠዋል።

የአባት የጣት አሻራ፦ አቶ ዘሩ እጅጉ

ቃሉን የተቀበለው፦ ምክትል ሳጅን ቴዎድሮስ ውዳሴ፣ መጋቢት 11 ቀን 2000 ዓ.ም.